«ጌት» የምትለውን የእንግሊዝኛ ቃል በትክክል የመጠቀም ዝርዝር መመሪያ፦ ለወሎ ተማሪዎች፣ አስጎብኚዎችና ሥራ ፈላጊዎች

ደሴ ላይ ለፈተና የሚያጠኑ ልጆች፣ ላሊበላ ላይ እንግዳ የሚያስጎበኙ ወጣቶች፣ ኮምቦልቻ ላይ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚዘጋጁ ሰዎች ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ይደናቀፋሉ። ረጃጅሞቹን ቃላት «ዴቨሎፕመንት» እና «ኢንቫይሮንመንት» እያሉ ያለ ችግር ይጠሯቸዋል። ሦስት ፊደል ብቻ ያላት «ጌት» ስትመጣ ግን ዓረፍተ ነገሩ ይፈርሳል።

ችግሩ የሚጀምረው ከደብተራችን ነው። «ጌት ማለት ማግኘት» ተብሎ ተጻፈልን፣ ሸመደድነው፣ እዚያው ቀረን። ስለዚህ «እየመሸ ነው»፣ «ፀጉሬን ተቆረጥኩ»፣ «ወልድያ ስንት ሰዓት እንደርሳለን?» ለማለት ስንፈልግ ይህች ቃል ትዝ አትለንም። ሌላ ሰው ሲላትም አይገባንም።

ይህ መመሪያ አንድ ነገር ላይ ይቆማል፦ የ«ጌት» ትርጉም የሚታወቀው ከኋላዋ በሚከተለው ቃል ነው። ደረጃዎቹን በተራ ሂዱባቸው፤ አትዝለሉ። የእንግሊዝኛውን ምሳሌ በራሳችን ፊደል የጻፍኩት ጮክ ብላችሁ እንድትሉት ነው። ደብተራችሁ ላይ ስትገለብጡት ግን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉት።

ከመጀመራችሁ በፊት

1. አንድ ደብተር ለዚህ ብቻ ያዙ። ለእያንዳንዱ ደረጃ አንድ ገጽ ተዉ።

2. የትናንት ውሏችሁን በአማርኛ ጻፉ። ከተነሣችሁበት እስከ ተኛችሁበት፣ አሥራ አምስት ያህል አጫጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ለምሳሌ፦ «አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣሁ። ለበስኩ። ባጃጅ ውስጥ ገባሁ። ፒያሳ ወረድኩ። ትምህርት ቤት ደረስኩ። ራበኝ። ጫማዬን አስጠገንኩ። መሸ። ቤት ገባሁ።» እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህን ሁሉ በ«ጌት» ሊናገረው ይችላል፤ በአማርኛው ግን «አገኘሁ» የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። ይህን ጽሑፍ አትጣሉት፣ እስከ መጨረሻው እንሠራበታለን።

3. ድምፅ የሚቀዳ ስልክ አዘጋጁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ኢንተርኔት ላይ የሚዞረውን ረጅም የ«ጌት» ዝርዝር አውርዳችሁ ለመሸምደድ አትሞክሩ። ዝርዝር የሸመደደ ሰው ቃሉን ፈተና ላይ ያውቀዋል፣ አፉ ላይ ግን አይመጣለትም።

ደረጃ 1፦ ቅርጿን አጥሩ

አሁን ላለው «ጌት»፤ ለእሱ፣ ለእሷ ወይም ለነጠላ ስም ሲሆን «ጌትስ»። በሂደት ላይ ላለው «ጌቲንግ»፤ ሲጻፍ ቲ ሁለት ጊዜ ትገባለች። ላለፈው «ጎት»። ከ«ሀቭ» ጋር የሚሄደው ሦስተኛው ቅርጽ በብሪታንያ «ጎት» ነው፣ በአሜሪካ አብዛኛውን ጊዜ «ጎተን»። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ አንዱን ምረጡና በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አታደባልቁ።

ሦስት ስሕተቶችን ከአሁኑ ቁረጡ፦

• «ዲድ ዩ ጎት» አይባልም። «ዲድ» ያለፈውን ጊዜ ወስዳዋለች፤ «ዲድ ዩ ጌት» በሉ።

• «አይ አም ጌት ታየርድ» አይባልም። ወይ «አይ ጌት ታየርድ» ወይ «አይ አም ጌቲንግ ታየርድ» በሉ።

• «አይ ሀቭ ጎት» ስትሰሙ ያለፈ ነገር አይምሰላችሁ። በብዛት «አለኝ» ማለት ነው። «አይ ሀቭ ጎት ቱ ብራዘርስ» ማለት «ሁለት ወንድሞች አሉኝ» ነው።

ድምፁ ላይም ተጠንቀቁ። እኛ የግቢውን በር «ጌት» እንላለን፤ እንግሊዞቹ ግን ያንን ሳብ አድርገው «ጌይት» ይሉታል። የእኛዋ ቃል አጭር ናት፣ ቶሎ ትቆረጣለች። «ጎት»ም እንደዚሁ ከሳባችኋት ፍየል ትሆናለች። ለመለማመጃ የባቲን የሰኞ ገበያ አስቡና «አይ ጎት ኤ ጎውት»፣ ፍየል ገዛሁ፣ እያላችሁ ደጋግሙ። አንደኛዋን አጭር፣ ሁለተኛዋን ረጅም አድርጉ። ቅዱና ስሙት። ሁለቱ ካልተለያዩላችሁ ወደ ደረጃ 2 አትለፉ።

አሜሪካዊ ሲናገር ደግሞ «ጌት ኢት» የሚለው ተያይዞ «ጌዲት» ይመስላል። አዲስ ቃል ነው ብላችሁ አትደንግጡ።

ደረጃ 2፦ ከኋላዋ ምን እንደመጣ ለዩ

«ጌት»ን ባያችሁ ወይም በሰማችሁ ቁጥር ከመተርጎማችሁ በፊት ቀጥሎ ያለውን ቃል ተመልከቱ።

1. ስም ከሆነ፣ አንድ ነገር ወደ እናንተ መጥቷል፤ ደረጃ 3።
2. ሁኔታን የሚገልጽ ቃል ከሆነ፣ ለውጥ ተካሂዷል፤ ደረጃ 4።
3. «ቱ» እና ቦታ ከሆነ፣ መድረስ ነው፤ ደረጃ 5።
4. «ኦን»፣ «ኦፍ»፣ «ኢን»፣ «አውት» ከሆነ፣ መሳፈርና መውረድ ነው፤ ደረጃ 6።
5. ሦስተኛ ቅርጽ ያለው ግስ ከሆነ፣ ወይም በ«ጌት» እና በግሱ መካከል ሰው ወይም ዕቃ ከገባ፣ ተደራጊ ወይም አስደራጊ ነው፤ ደረጃ 7።
6. «ቱ» እና ግስ ከሆነ፣ ዕድል ወይም ግዴታ ነው፤ ደረጃ 8።
7. ሌላ ትንሽ ቃል ከሆነ ደረጃ 9።

ይህን ሰንጠረዥ በደብተራችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ገልብጡ። ከዚያ አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውሰዱ፣ የመማሪያ መጽሐፋችሁም ይሆናል፣ በውስጡ ያሉትን «ጌት»ዎች አስምሩና ከእያንዳንዱ ጎን ቁጥሩን ብቻ ጻፉ። ትርጉም አትጻፉ። ቁጥር መስጠት ሲቀላችሁ ትርጉሙ ራሱ ይመጣል።

ደረጃ 3፦ ስም ሲከተል

እዚህ «ማግኘት» ይሠራል፣ ግን ብቻውን አይደለም። «አይ ጎት ዘ ጆብ»፣ ሥራውን አገኘሁ። «አይ ጎት ዩር ሜሴጅ»፣ መልእክትህ ደረሰኝ። «አይ ጎት ኤ ቲኬት»፣ ትኬት ቆረጥኩ። «አይ ጎት ኤ ኮልድ»፣ ጉንፋን ያዘኝ። «ጌት ሚ ሰም ዋተር»፣ ውኃ አምጣልኝ። አማርኛው ለእያንዳንዱ ሌላ ግስ ይመርጣል፤ እንግሊዝኛው በአንዷ ይጨርሰዋል።

በጣም የምንሳሳተው በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። የእኛ «አገኘሁ» ሦስት ሥራ ይሠራል፣ «ጌት» ግን ከሦስቱ አንዱን ብቻ ትችላለች።

• «ትናንት መናፈሻ አገኘሁት» ስትሉ ሰውን ከሆነ «አይ ሜት ሂም» ነው። «አይ ጎት ሂም» ካላችሁ «ያዝኩት» እንደማለት ይሰማል፣ ሌባ ያባረራችሁ ይመስላል።

• «የጠፋብኝን ቁልፍ አገኘሁ» ከሆነ «አይ ፋውንድ ማይ ኪ» ነው። የጠፋና የተፈለገ ነገር «ፋይንድ» ይወስዳል።

• «ውጤቴን አገኘሁ»፣ «ደመወዝ አገኘሁ»፣ «ፈቃድ አገኘሁ» ሲሆን ብቻ «ጎት» በሉ።

ልምምድ፦ በአማርኛ «አገኘሁ» ያላችሁባቸውን አሥር አጋጣሚዎች ጻፉ። ሰው ከሆነ፣ የጠፋ ዕቃ ከሆነ፣ የተሰጣችሁ ነገር ከሆነ ለዩ። ይህን ያደረገ ሰው ግማሹን ስሕተቱን አራገፈ።

ደረጃ 4፦ ሁኔታ ሲከተል

እዚህ «ጌት» ማለት ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላ መሸጋገር ነው። «ጌት ታየርድ» መድከም፣ «ጌት ሀንግሪ» መራብ፣ «ጌት ኦልድ» ማርጀት፣ «ጌት ዳርክ» መጨለም፣ «ጌት ቤተር» መሻል።

ወጥመዱ ያለው በራሳችን ቋንቋ አሠራር ነው። «ደከመኝ» ያለፈ ጊዜ ቅርጽ አለው፣ ትርጉሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ አሁን ነው፦ አሁን ደክሞኛል። ልጆቻችን ቅርጹን ተከትለው «አይ ጎት ታየርድ» ይላሉ፤ አድማጩ ግን «መቼ? ከዚያስ?» ብሎ ወሬውን ይጠብቃል። ስለዚህ «ደከመኝ» ባላችሁ ጊዜ ራሳችሁን እንዲህ ጠይቁ፦

1. አሁን ያለሁበት ሁኔታ ነው? «አይ አም ታየርድ» በሉ። «ጌት» አያስፈልግም።
2. እየመጣብኝ ነው፣ ገና አልጨረሰም? «አይ አም ጌቲንግ ታየርድ»፣ እየደከመኝ ነው።
3. ያለፈ ነገር እየተረክሁ ነው? «አይ ጎት ታየርድ፣ ሶ አይ ሳት ዳውን»፣ ደከመኝና ተቀመጥኩ።

በ«ራበኝ»፣ በ«በረደኝ»፣ በ«ጠማኝ»፣ በ«ታመምኩ» ላይ ይህንኑ ጥያቄ ድገሙ። የመግቢያ ፈተና የምትወስዱ ልጆች እዚህ ገጽ ላይ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ጊዜ ስጡ። በ«አም» እና በ«ጎት» መካከል ያለው ልዩነት ካልለየላችሁ የቀረው የጊዜ ሰዋስውም ይቸግራችኋል።

«ኢት»ን አትርሱ። «መሸ»፣ «በረደ»፣ «ነጋ» ስንል ማን እንደመሸ አንናገርም። እንግሊዝኛው ግን ባለቤት ሳይኖረው አይቆምም። «ኢት ኢዝ ጌቲንግ ሌት»፣ እየመሸ ነው። «ኢት ጌትስ ኮልድ ኢን ደሴ አት ናይት»፣ ደሴ ሌሊት ይበርዳል። ለአስጎብኚ ጥሩ መለማመጃ የደሴና የኮምቦልቻ መንገድ ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ከ1,900 ሜትር በታች፤ በመካከላቸው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁለት አለ። ያንን ስትወርዱ «ኢት ኢዝ ጌቲንግ ዋርመር» በሉ፤ ስትመለሱ «ኢት ኢዝ ጌቲንግ ኮልደር»። የአየሩን ለውጥ ለእንግዳው ለመናገር ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

ማስጠንቀቂያ፦ «ሆነ»ን ሁሉ በ«ጌት» አትተኩ። «ሐኪም ሆነች» ለማለት «ሺ ጎት ኤ ዶክተር» ካላችሁ «ሐኪም አመጣች» ወይም «ሐኪም አገኘች» ማለት ይሆናል። ሙያና ማዕረግ «ቢከም» ይወስዳል፦ «ሺ ቢኬም ኤ ዶክተር»።

ደረጃ 5፦ ቦታ ሲከተል

«ጌት ቱ» እና ቦታ ማለት መድረስ ነው። «ዊ ጎት ቱ ወልድያ አት ኑን»፣ እኩለ ቀን ላይ ወልድያ ደረስን።

ይህን በተራ ተለማመዱ፦

1. ከደሴ ወደ ሰሜን ያሉትን ከተሞች በቅደም ተከተል ጻፉ፦ ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ መርሳ፣ ወልድያ።
2. በእያንዳንዳቸው «ዌን ዱ ዊ ጌት ቱ» ብላችሁ ጠይቁ፣ መቼ እንደርሳለን።
3. መልሱን በ«ዊ ጌት ቱ» ስጡ።
4. በመጨረሻ «ሆም» የሚለውን አስገቡ። እዚህ ላይ «ቱ» ትወድቃለች! «አይ ጎት ሆም» እንጂ «አይ ጎት ቱ ሆም» አይባልም። «ሂር» እና «ዜር»፣ እዚህና እዚያም እንደዚሁ ናቸው፦ «ሀው ዲድ ዩ ጌት ሂር?»

«ሪች»ን ከዚህ ጋር አታምታቱ። «ሪች» የምትለው ቃል «ቱ» አትወስድም፣ «ጌት» ግን ቦታ ሲከተላት «ቱ» ትፈልጋለች። «አይ ሪችድ ቱ ደሴ» ከተማሪ አፍ ብዙ ጊዜ የሚሰማ ስሕተት ነው።

ለላሊበላ ልጆች፦ እንግዳ አብዝቶ የሚጠይቃችሁ «ሀው ዱ አይ ጌት ቱ ቤተ ጊዮርጊስ?» የሚለውን ነው። «እንዴት ነው የማገኘው?» እያለ ይመስላችኋል፤ እሱ መንገድ ነው የጠየቀው። አቅጣጫውን አሳዩት፣ ደቂቃውን ንገሩት። አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ለአንድ ሰዓት ከማብራራታችሁ በፊት የጠየቀውን መልሱለት።

ደረጃ 6፦ መሳፈርና መውረድ

ደንቡ አጭር ነው። ላዩ ላይ ከወጣችሁ ወይም ውስጡ ቆማችሁ መሄድ ከቻላችሁ «ጌት ኦን»፣ ስትወርዱ «ጌት ኦፍ»። ጎንበስ ብላችሁ የምትገቡበት ከሆነ «ጌት ኢን»፣ ስትወጡ «ጌት አውት»።

አውቶቡስ፣ አውሮፕላን፣ በቅሎ፣ ሞተር ብስክሌት፦ «ኦን» እና «ኦፍ»። ባጃጅና የቤት መኪና፦ «ኢን» እና «አውት»። ሚኒባስ ላይ ሁለቱንም ትሰማላችሁ፣ አትጨነቁ። ወደ አሸተን ማርያም በበቅሎ የሚወጣን እንግዳ «ጌት ኢን» ካላችሁት ግን ግራ ይገባዋል፤ በቅሎ ውስጥ አይገባም።

«ወራጅ አለ!» የሚለው የእኛ ጥሪ ቃል በቃል አይሄድም። «አይድ ላይክ ቱ ጌት ኦፍ ሂር፣ ፕሊዝ» በሉ። ባጃጅ ከሆነ «ጌት አውት ሂር»። ሰውን ግን «ጌት አውት!» ብላችሁ ብቻውን አትዘዙት። ያ «ውጣ!» ብሎ ማባረር ነው። «ዩ ካን ጌት አውት ሂር» ብትሉት ትሕትና ይኖረዋል።

ደረጃ 7፦ የእኛን «ተ» እና «አስ» በ«ጌት» መናገር

ይህን ደረጃ ከሁሉም በላይ እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም አማርኛችን መንገዱን አስቀድሞ ጠርጎልናል። በአማርኛ ግስ ፊት «ተ» ስናስገባ ነገሩ በባለቤቱ ላይ ደረሰ እንላለን፦ ሰረቀ፣ ተሰረቀ። «አስ» ስናስገባ ደግሞ ሌላ ሰው እንዲሠራው አደረግን፦ ጠገነ፣ አስጠገነ። እንግሊዝኛ በግሱ ላይ እንዲህ ያለ ቅጥያ ስለሌለው ብዙውን ጊዜ ሥራውን ለ«ጌት» ይሰጣታል።

ሀ. የ«ተ» መንገድ። «ጌት» እና ሦስተኛ ቅርጽ።

«ማይ ፎን ጎት ስቶለን»፣ ስልኬ ተሰረቀ። «ሂ ጎት ሀርት»፣ ተጎዳ። «ዊ ጌት ፔይድ ኦን ፍራይደይ»፣ አርብ ይከፈለናል። ሦስተኛውን ቅርጽ ከረሳችሁ እዚሁ ቆሙ፤ «ማይ ፎን ጎት ስቲል» ካላችሁ ዓረፍተ ነገሩ ይሞታል።

ጋብቻ ለብቻው ይታይ። «አገባሁ» «አይ ጎት ማሪድ» ነው። «ከእሷ ጋር ተጋባን» ስለምንል «ጋር»ን «ዊዝ» አድርገን እናስገባለን፤ ትክክሉ «ቱ» ነው፦ «ሂ ጎት ማሪድ ቱ ሄር»። «አግብቻለሁ»፣ ማለትም አሁን ባለትዳር ነኝ፣ ከሆነ ደግሞ «አይ አም ማሪድ»። የደረጃ 4 ጥያቄ እዚህም ይሠራል።

ለ. የ«አስ» መንገድ፣ ዕቃ ሲሆን። ቅደም ተከተሉን አትቀያይሩ፦ «ጌት»፣ ቀጥሎ ዕቃው፣ ቀጥሎ ሦስተኛ ቅርጽ።

• ጫማዬን አስጠገንኩ፦ «አይ ጎት ማይ ሹዝ ሪፔርድ»።
• ቀሚስ አሰፋች፦ «ሺ ጎት ኤ ድሬስ ሜድ»።
• ፀጉሬን ተቆረጥኩ፦ «አይ ጎት ማይ ሄር ከት»።

ሦስተኛው ምሳሌ ላይ አስተውሉ። በአማርኛ «ተቆረጥኩ» እንላለን፣ ፀጉር ቤት እንደሄድን ሁሉም ይረዳል። ተማሪው ግን «አይ ከት ማይ ሄር» ይላል፣ ያ «ራሴ መቀስ ይዤ ቆረጥኩት» ነው። «አይ ሪፔርድ ማይ ፎን» ያለ ሰውም ራሱ ስልክ ጠጋኝ ሆኗል። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። «አይ ሪፔርድ ዘ ማሺን» ካላችሁ ጠያቂው ማሽን መጠገን የምትችሉ ይመስለዋል፣ ቀጥሎም ስለ ጥገናው ይጠይቃችኋል። በሌላ ሰው ካስጠገናችሁት «አይ ጎት ዘ ማሺን ሪፔርድ» በሉ።

ሐ. የ«አስ» መንገድ፣ ሰው ሲሆን። «ጌት»፣ ቀጥሎ ሰውዬው፣ ቀጥሎ «ቱ»፣ ቀጥሎ ያልተለወጠ ግስ። «አይ ጎት ማይ ብራዘር ቱ ሄልፕ ሚ»፣ ወንድሜን ለምኜ አገዘኝ። ውስጡ ማሳመን፣ መለመን፣ መወትወት አለ። በማስገደድ ከሆነ «ሜክ» ይሻላል፣ «ሜክ» ደግሞ «ቱ» አትወስድም፦ «ሺ ሜድ ሚ ዌይት»፣ አስጠበቀችኝ።

ካጠፋችሁ እንዲህ አርሙ፦ ዓረፍተ ነገሩን አቁሙና «በመካከል ያለው ሰው ነው ወይስ ዕቃ?» በሉ። ሰው ከሆነ «ቱ»። ዕቃ ከሆነ ሦስተኛ ቅርጽ። ሌላ ደንብ ፍለጋ አትሂዱ።

ልምምድ፦ ደሴ ከተማ ውስጥ ገንዘብ ከፍላችሁ የምታሠሩትን ሁሉ ጻፉ። ማሰፋት፣ ማስጠገን፣ ማሳጠብ፣ ማስፈጨት፣ ፎቶ መነሣት፣ ፎቶ ኮፒ ማስደረግ። ሁሉንም በ«አይ ጎት» ጀምራችሁ ተናገሩ።

ደረጃ 8፦ «ቱ» እና ግስ ሲከተል

ሁለት ዓረፍተ ነገር ጎን ለጎን ጻፉ።

«አይ ጎት ቱ ሲ ላሊበላ።»
«አይቭ ጎት ቱ ሲ ላሊበላ።»

የመጀመሪያው «ላሊበላን ለማየት በቃሁ» ነው፤ ዕድሉ ገጥሞኝ አየሁ። ሁለተኛው «ላሊበላን ማየት አለብኝ» ነው፤ ገና አላየሁም። ልዩነቱ ያለው በ«አይ» እና በ«አይቭ» መካከል ባለችው አንዲት የ«ቭ» ድምፅ ነው። ስትናገሩ ያቺን ድምፅ አትዋጧት።

ስትሰሙ ግን ችግር አለ፤ ፈጥነው የሚናገሩ ሰዎች፣ በተለይ አሜሪካውያን፣ «ቭ»ን ጥለው «አይ ጋዳ» ይላሉ። «ጋዳ» ከሰማችሁ ግዴታ ነው። ካልለየላችሁ የጊዜ ቃል ፈልጉ። «ላስት ጃንዋሪ» ካለ ለገና መጥቶ አይቷል፤ «ቱሞሮው» ካለ ገና ሊያይ ነው። ለመሄድ የተነሣ እንግዳ «አይ ጋዳ ጎ» ሲላችሁ «መሄድ አለብኝ» ብሏችኋልና አታቆዩት።

ደረጃ 9፦ ትንንሾቹ ቃላት

እዚህ ሕይወታችሁን አታባክኑ። መጀመሪያ እነዚህን ብቻ ያዙ፣ ከአፋችሁ ሲወጡ ሌላ ጨምሩ።

«ጌት አፕ»፦ ከአልጋ መነሣት። ዓይን መግለጥ ብቻ «ዌክ አፕ» ነው። «ጌት ባክ»፦ መመለስ። «ጌት ኦቨር»፦ ከሕመም ወይም ከሐዘን መውጣት። «ጌት ሪድ ኦቭ»፦ ማስወገድ፣ መገላገል። «ጌት ባይ»፦ ኑሮን እንደ ምንም መግፋት። «ጌት ስሩ»፦ ስልክ ሲሆን መስመር ማግኘት፤ «አይ ኩድንት ጌት ስሩ»፣ ደወልኩ ግን አልገባልኝም።

«ጌት አሎንግ ዊዝ» ለእኛ አገር ሰው ግድ ያስፈልጋል፣ ተስማምቶ መኖር ማለት ነው። እንግዳ ወሎ መጥቶ እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቤተሰብ፣ በአንድ ለቅሶ፣ በአንድ ሠርግ ሲገናኝ ባየ ጊዜ ይጠይቃችኋል። «ፒፕል ሂር ጌት አሎንግ ዌል» ብላችሁ ጀምሩ፣ ከዚያ የጎረቤታችሁን እውነተኛ ታሪክ ጨምሩ።

«አይ ዊል ጌት ባክ ቱ ዩ» በሥራ ጉዳይ ከተባላችሁ ሰውዬው ተመልሶ በአካል ሊመጣ አይደለም። «መልሱን አሳውቃችኋለሁ» ነው ያለው። ቤት ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁት።

«ጌት»ን የማትጠቀሙባቸው ቦታዎች

በጽሑፍ ላይ ተቆጠቡ። የሥራ ማመልከቻ፣ የዩኒቨርሲቲ ጽሑፍና የድርጅት ደብዳቤ «ጌት» ሲበዛባቸው የሰፈር ወሬ ይመስላሉ። ተሰጠኝ ለማለት «ሪሲቭ»፣ በጥረት አገኘሁ ለማለት «ኦብቴይን»፣ ሆንኩ ለማለት «ቢከም»፣ ደረስኩ ለማለት «አራይቭ» አድርጉ። ለኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ማመልከቻ ስትጽፉ «አይ ጎት ማይ ዲግሪ» የሚለውን «አይ ሪሲቭድ ማይ ዲግሪ» ብላችሁ ላኩት። ስትናገሩ ግን ተቃራኒው ነው፤ «ኦብቴይን» እያላችሁ ብታወሩ መጽሐፍ የምታነቡ ትመስላላችሁ።

አክብሮትም አለ። «ጎት ኢት?» ማለት «ገባህ?» ነው። ለእኩያ ይሆናል፣ በዕድሜ ለገፋ እንግዳ ግን ያስከፋል። «ኢዝ ዛት ክሊር?» ወይም «ሻል አይ ሴይ ኢት አጌይን?» ይሻላል። «አይ ጎት ሎስት» ማለት «መንገድ ጠፋኝ» ነው፣ ምንም ነውር የለበትም። «ጌት ሎስት!» ብላችሁ ካዘዛችሁ ግን «ጥፋ ከዚህ!» የሚል ስድብ ነው።

መካከል ላይ ሲበላሽ

ቃሉ ጠፍቶባችሁ ከቆማችሁ፦ በአማርኛ ልትሉት ያሰባችሁትን ግስ አስቡ። «ተ» ወይም «አስ» አለበት? ደረጃ 7። ማንነቱ የማይጠራ እንደ «መሸ» ያለ ነው? «ኢት» ብላችሁ ጀምሩ። ሁለቱም ካልሆነ «ጌት»ን ተዉና የምታውቁትን ሌላ ግስ ተጠቀሙ። ዝምታ ከስሕተት ይብሳል።

አድማጭ ግራ ከተጋባ፦ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ድምፅ ጨምራችሁ አትድገሙ። «አይ ሚን» በሉና በሌላ ግስ ተናገሩት። «አይ ጎት ሂም» ብላችሁ ሰውዬው ከደነገጠ «አይ ሚን፣ አይ ሜት ሂም»።

እናንተ ካልሰማችሁ፦ «ሶሪ፣ አይ ዲድንት ጌት ዛት» በሉ። ይህ «የተናገርከውን አልያዝኩትም» ማለት ነው፣ ጨዋ ነው። «አይ ዶንት ጌት ኢት» ደግሞ ሰምቻለሁ፣ ሐሳቡ ግን አልገባኝም ማለት ነው። አትቀያይሯቸው፤ ለሁለተኛው ሰውዬው ረጅም ማብራሪያ ይጀምራል።

የተማራችሁት ሁሉ ከተደበላለቀባችሁ፦ አብሽሩ፣ ሁሉም ሰው ከደረጃ 7 በኋላ ይደበላለቅበታል። ወደ ደረጃ 2 ተመለሱና ለሁለት ቀን ቁጥር መስጠት ብቻ ሥሩ። አትናገሩ፣ አትተርጉሙ።

የመጨረሻው ልምምድ

መጀመሪያ የጻፋችሁትን የትናንት ውሎ አውጡ። አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እያነሣችሁ ወደ እንግሊዝኛ መልሱ፤ «ጌት» የምትገባበት ቦታ ላይ ሁሉ አስገቧት። ከዚያ ደብተሩን ዝጉና ቅዱት። ስትሰሙት «ቱ ሆም» ካላችሁ ወደ ደረጃ 5፣ «ኢት» ከጠፋ ወደ ደረጃ 4፣ ሦስተኛው ቅርጽ ከተሳሳተ ወደ ደረጃ 7 ተመለሱ። ያንን ገጽ ብቻ ሥሩና እንደገና ቅዱ።

ይህ ሲያልቅ ከደሴ ላሊበላ የሚደረግን ጉዞ በቃል ተርኩ፦ ተነሥታችሁ፣ አውቶቡስ ተሳፍራችሁ፣ ወልድያ ደርሳችሁ፣ በጋሸና በኩል ወጥታችሁ፣ በርዷችሁ፣ ደክሟችሁ፣ ወርዳችሁ። እዚህ ላይ ጓደኛ ያዙ። እሱ በየመሃሉ እያቋረጠ «ስንት ሰዓት ደረሳችሁ?»፣ «ከምን ወረዳችሁ?»፣ «ማን አሳያችሁ?» እያለ በእንግሊዝኛ ይጠይቃችሁ፤ ከዚያ ተቀያየሩ።